ከከተማ በላይና ከከተማ በታች፦ በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ አካባቢ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን በወንዝ ውሃ የመከታተል ዘዴ

መግቢያ

በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችን እየተላመዱ መምጣታቸው ከዘመናችን ከፍተኛ የጤና ሥጋቶች አንዱ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የወጣው ዓለም አቀፍ ጥናት፣ በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ በዚህ ምክንያት እንደሞቱ፣ ከችግሩ ጋር የተያያዘው ሞት ደግሞ 4.95 ሚሊዮን እንደሚደርስ ገምቷል።

በአገራችን የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በተመረጡ የጤና ተቋማት የመድኃኒት መላመድ ቅኝት ሥርዓት ዘርግቷል። ሥርዓቱ በዋናነት የቆመው ከሕሙማን በሚወሰድ ናሙና ላይ ነው። ስለዚህ ባክቴሪያ ማሳደግ ወደሚችል ቤተ ሙከራ ያልደረሰ ሕመምተኛ በመዝገቡ ውስጥ አይቆጠርም። የመካነ ሰላም ከተማ ከደሴ በስተምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከሳይንት ወይም ከወግዲ ቀበሌዎች የሚነሳ ታማሚ በቅድሚያ የሚያገኘው ጤና ኬላንና ጤና ጣቢያን ነው። በእነዚህ ተቋማት ሕክምናው የሚሰጠው ምልክትን መሠረት አድርጎ ነው። የታዘዘው መድኃኒት ይሠራ እንደሆነ የሚታወቀውም ታማሚው ሲሻለው ወይም ሳይሻለው ሲቀር ነው።

ይህ ጽሑፍ የወንዝና የምንጭ ውሃ ቅኝት ይህን ክፍተት በከፊል ሊሞላ የሚችለው እንዴት እንደሆነ ያብራራል። ዋና ነጥቡም የሚከተለው ነው፤ እንዲህ ባለው የወንዞች መነሻ አካባቢ ጠቃሚ ቅኝት ለመጀመር ወሳኙ የመሣሪያው ርቀት ሳይሆን የቦታው አመራረጥ፣ የዘዴው ወጥነትና የክትትሉ አለመቋረጥ ነው።

ውሃ ለምን ይመረመራል?

ሰውም ሆነ እንስሳ የወሰደው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሙሉ በሙሉ በሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ የተወሰነው ክፍል በሽንትና በዓይነ ምድር ይወጣል። አብረውትም በአንጀት ውስጥ መድኃኒቱን ተቋቁመው የቀሩት ባክቴሪያዎች ይወጣሉ። ዝናብ ከሜዳ፣ ከጓሮ፣ ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከበረት አጥቦ የሚያወርደው ሁሉ መድረሻው ወንዝ ነው። በዚህም ምክንያት ከአንድ ከተማ በታች የተቀዳ ውሃ የብዙ ሰዎችንና እንስሳትን የአንጀት ባክቴሪያ በአንድ ጠርሙስ ይዞ ይገኛል። ከመቶዎች ሕሙማን አንድ በአንድ ናሙና መውሰድ በማይቻልበት አካባቢ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ውሃው ግን መስታወት ብቻ አይደለም። ባክቴሪያዎች የመላመድ ባሕርይን የሚሸከሙ ዘረ-መሎችን ፕላዝሚድ በሚባሉ ትንንሽ የዲኤንኤ ቀለበቶች አማካይነት እርስ በርስ ይለዋወጣሉ፤ ልውውጡም በተለያዩ ዝርያዎች መካከል ሳይቀር ይካሄዳል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ሲቲኤክስ-ኤም የተባለው የኢንዛይም ቤተሰብ ነው። ኢንዛይሙ እንደ ሴፍትሪያክሶንና ሴፎታክሲም ያሉትን የሦስተኛ ትውልድ ሴፋሎስፖሪን መድኃኒቶች ይሰባብራል። ዘረ-መሉ መጀመሪያ የመነጨው በሆስፒታል ባክቴሪያ ውስጥ አልነበረም፤ ክሉይቬራ ከሚባሉ በአፈርና በውሃ ከሚገኙ ባክቴሪያዎች ወደ ፕላዝሚድ ተሻግሮ ነው በዓለም የተሠራጨው። ሴፍትሪያክሶን በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ በመሆኑ ጉዳዩ ለአገራችን ሐኪም የሩቅ ወሬ አይደለም።

መላመድ ራሱ ከመድኃኒት ፋብሪካዎች በፊት የነበረ ተፈጥሯዊ ባሕርይ መሆኑም መታወስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ ጥናት ከ30,000 ዓመት ዕድሜ ካለው በረዶ ለበስ አፈር መድኃኒት የመቋቋም ዘረ-መሎችን አግኝቷል። ስለሆነም «በዚህ ወንዝ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ አለ» የሚለው ግኝት ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሚናገረው «ከተፈጥሯዊው መነሻ ምን ያህል በለጠ? ከየት ጀምሮ? ከዓመት ዓመትስ ጨመረ ወይስ ቀነሰ?» ለሚሉት የሚሰጠው መልስ ነው።

አገራዊ ማስረጃዎች

በአማራ ክልል በዚህ ረገድ ቀደም ያለ ሥራ አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሆስፒታልና ከሆስፒታል ውጭ ከተወሰዱ 60 የፍሳሽ ናሙናዎች 113 ባክቴሪያዎችን ለይተው መርምረዋል። ውጤቱ በ2014 ታትሟል። ከሆስፒታል ፍሳሽ ከተለዩት 65 ባክቴሪያዎች 53ቱ፣ ማለትም 81.5 በመቶው፣ ብዙ መድኃኒቶችን በአንድነት የተላመዱ ነበሩ። ከሆስፒታል ውጭ ከተገኙት 48 ደግሞ 26ቱ፣ ማለትም 54.2 በመቶው፣ ይኸው ባሕርይ ታይቶባቸዋል። ሁለተኛው አኃዝ ከመጀመሪያው ያላነሰ ትኩረት ይሻል፤ ችግሩ ከሆስፒታል አጥር ውጭም እንዳለ ያመለክታልና።

የመድኃኒት ቅሪትን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት በ104 አገሮች ከ258 ወንዞች ውሃ ወስዶ መርምሯል። በአማካይ ከፍተኛ የመድኃኒት ቅሪት ከተገኘባቸው ከተሞች የፓኪስታኗ ላሆር አንደኛ፣ የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ደግሞ በሊትር 51.3 ማይክሮ ግራም ሦስተኛ ሆናለች። ልኬቱ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችን ብቻ ሳይሆን ሌሎች የመድኃኒት ዓይነቶችንም ይጨምራል። ሆኖም በከተሞቻችን የሚፈሱ ወንዞች ምን ያህል የሰው ቆሻሻ እንደሚሸከሙ በግልጽ ያሳያል።

ሁለቱም ሥራዎች የተካሄዱት ጫናው አስቀድሞ በበረታበት ቦታ ነው። ቆሻሻው ከደረሰ በኋላ የሚለካ ውሃ የመጣበትን ደረጃ ያሳያል እንጂ የተነሳበትን አያሳይም። የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የተለየ ዕድል የሚሰጠው በዚህ ላይ ነው።

የቦታው አቀማመጥና የናሙና ነጥቦች

የቦረና፣ የሳይንት፣ የወግዲና የለጋምቦ ከፍታዎች የብዙ ጅረቶች መነሻ ናቸው። ከፊሎቹ በበሽሎና በወለቃ በኩል፣ ከፊሎቹም በቀጥታ፣ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ቀድሞ የደንቆሮ ደን እየተባለ ይጠራ የነበረው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክም ከዚሁ ክልል ውስጥ ነው። ከደኑ የሚወጣ ጅረት ከሰፈራና ከገበያ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ሊለካ ይችላል። ያው የአካባቢ ውሃ ከመካነ ሰላም በታች ከተለካ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰፈራውን ድርሻ ያሳያል። በወንዝ አጋማሽ ላይ የምትገኝ ትልቅ ከተማ ይህን ያህል ንጹሕ የማነጻጸሪያ ነጥብ በቅርብ አታገኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው፣ ሰውን፣ የምግብ እንስሳትንና አካባቢን በአንድነት በሚመለከተው የቅኝት መመሪያ፣ ከከተማ በላይ ያለ ወንዝ፣ ከከተማ በታች ያለ ወንዝ፣ የጋራ ፍሳሽና የእርድ ወይም የእንስሳት ገበያ ፍሳሽ እንዲመረመሩ ይመክራል። መመሪያው እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። በአገራችን አነስተኛ ከተሞች የፍሳሽ መስመር የተለመደ ስላልሆነ «የጋራ ፍሳሽ» የሚባለው ነጥብ በአንድ ቱቦ አፍ ላይ አይገኝም፤ ቆሻሻው በየመጸዳጃ ጉድጓዱ ተበታትኖ ይቀመጥና በስርገትና በጎርፍ ይወጣል። በመሆኑም ለመካነ ሰላም የሚስማሙት አራት ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው፦

1. ከሰፈራ በላይ ያለ፣ ከተቻለ ከደን የሚወጣ ጅረት፤
2. የከተማው ጎርፍ ተሰብስቦ ወደ ወንዝ የሚገባበት ቦይ፤
3. ከከተማውና ከቄራው በታች፣ ውሃው በደንብ የተቀላቀለበት የወንዝ ክፍል፤
4. ነዋሪዎች ለመጠጥ የሚቀዱበት ምንጭ።

አራተኛው በመመሪያው ውስጥ ባይጠቀስም ለአካባቢው አስፈላጊ ነው። በዚህ ደጋ የምንጭ ውሃ ለመጠጥ ብቻ የሚቀዳ አይደለም፤ ለጠበልም ለውዱእም ያገለግላል። ስለዚህ ሰውና ውሃ የሚገናኙባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው።

ምን ይለካል?

ሁሉንም ባክቴሪያና ሁሉንም መድኃኒት መከታተል አይቻልም። መመሪያው አንድ ባክቴሪያና አንድ የመላመድ ዓይነት ይመርጣል። ባክቴሪያው ኢ. ኮላይ ነው፤ በሰውና በሞቃት ደም እንስሳት አንጀት ሁሉ ስለሚኖር የዓይነ ምድር ብክለት አመልካች ሆኖ ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። የመላመዱ ዓይነት ደግሞ ሴፋሎስፖሪኖችን በኢንዛይም የመስበር ችሎታ ነው፤ ባለሙያዎች ኢ.ኤስ.ቢ.ኤል ብለው ይጠሩታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የተወሰነ መጠን ያለው ውሃ ቀዳዳው 0.45 ማይክሮ ሜትር በሆነ ስስ ማጣሪያ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ባክቴሪያው በማጣሪያው ላይ ይቀራል። አንዱ ማጣሪያ ኢ. ኮላይን በቀለም በሚለይ ማሳደጊያ አጋር ላይ ይቀመጣል። ሌላው በዚያው ዓይነት አጋር፣ ነገር ግን በሊትር 4 ሚሊ ግራም ሴፎታክሲም በተጨመረበት ላይ ይቀመጣል። በማግሥቱ ኮሎኒዎቹ ይቆጠራሉ። የመጀመሪያው ሳህን ጠቅላላውን ኢ. ኮላይ፣ ሁለተኛው የተላመደውን ይሰጣል። የሁለተኛው ለመጀመሪያው ያለው ድርሻ የመላመድ ምጣኔ ይባላል።

ምጣኔው ብቻውን ሊያሳስት እንደሚችል በምሳሌ ማየት ይቻላል። ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ለማስረዳት የተቀመጡ እንጂ የተለኩ አይደሉም። ከሰፈራ በላይ በ100 ሚሊ ሊትር 200 ኢ. ኮላይ ተገኝቶ 4ቱ የተላመዱ ቢሆኑ ምጣኔው 2 በመቶ ነው። በበጋ ከከተማ በታች 20,000 ተገኝቶ 1,000ው የተላመደ ቢሆን ምጣኔው 5 በመቶ ይሆናል። በክረምት መግቢያ ጎርፍ የግጦሹን እበት አጥቦ ጠቅላላውን 60,000፣ የተላመደውን 1,200 ቢያደርሰው ምጣኔው ወደ 2 በመቶ ይወርዳል። ምጣኔውን ብቻ ያየ ሰው ውሃው እንደ ደን ጅረት ጸዳ ሊል ይችላል፤ ከወንዙ የሚጠጣ ሰው ግን ከበጋው የበለጠ የተላመደ ባክቴሪያ ይደርሰዋል። ስለዚህ ቁጥሩም ምጣኔውም ሁልጊዜ ጎን ለጎን መቅረብ አለባቸው። ቁጥሩ ተጋላጭነትን ያሳያል፤ ምጣኔው የመድኃኒት አጠቃቀም ያሳደረውን ጫና ይጠቁማል።

የቆጠራው ትክክለኛነትም ከኮሎኒዎቹ ብዛት ጋር የተያያዘ ነው። አራት ኮሎኒ ብቻ ከተቆጠረ የ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰኑ ከ1 እስከ 10 ይዘረጋል፤ አንድ መቶ ሲቆጠር ወሰኑ ከ81 እስከ 122 ይጠባል። ከሰፈራ በላይ ያለው ውሃ ጥቂት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ስለሚኖሩት ከዚያ የሚጣራው መጠን መብዛት ይኖርበታል፤ አለበለዚያ የጥናቱ መሠረት የሆነው የማነጻጸሪያ ነጥብ ከሁሉም ደካማው ልኬት ሆኖ ይቀራል።

ከፍታና ርቀት

የዘዴው ቀላልነት የአካባቢውን ጠባይ ችላ ለማለት አይፈቅድም። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ወደ 74 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፤ ውሃም በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል። በቤተ ሙከራ ማሳደጊያ አጋርንና ዕቃዎችን ከጀርም ለማጽዳት የሚያገለግለው አውቶክሌቭ በተለምዶ የሚሞላው የግፊት መለኪያው 15 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች እስኪያሳይ ነው። በባሕር ወለል ላይ ይህ ግፊት 121 ዲግሪ ይሰጣል። መለኪያው የሚያሳየው ግን ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ በመካነ ሰላም ያው 15 ፓውንድ የሚሰጠው 116 ዲግሪ ያህል ነው። 121 ዲግሪ ለመድረስ መለኪያው ወደ 19 ፓውንድ መውጣት አለበት። መሣሪያው ይህን ግፊት የማይችል ከሆነ የማጽጃ ጊዜው እንዲረዝምና በጀርም መፈተሻ አመልካች እንዲረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህ እርማት ካልተደረገ በሙቀት ያልሞቱ የባክቴሪያ ዘሮች በአጋሩ ላይ በቅለው ቆጠራውን ያበላሹታል።

ሁለተኛው ችግር ርቀት ነው። የውሃ ናሙና በቅዝቃዜ ተይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተጣራ ባክቴሪያው ሊሞት ወይም ሊራባ ስለሚችል ቆጠራው እምነት ያጣል። በክረምት ወደ ደሴ የሚወስደው ተራራማ መንገድ ለዚህ አስተማማኝ አይደለም። መፍትሔው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ማጣራቱና ቆጠራው በእጅ ፓምፕና በትንሽ ኢንኩቤተር እዚያው ይከናወናል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ ያለው መሆኑ ለዚህ ምቹ ሁኔታ ይፈጥራል። የተላመዱት ኮሎኒዎች ግን በማቆያ አጋር ሆነው ጊዜ ሲገኝ የኢንዛይም ማረጋገጫና የዘረ-መል ምርመራ ወደሚሠራበት ቤተ ሙከራ ይላካሉ። ኮሎኒ ይታገሣል፤ ውሃ አይታገሥም።

ሦስተኛው ጉዳይ የመድኃኒቱ መርጋት ነው። ሴፎታክሲም በአጋር ውስጥ ለረጅም ጊዜ አቅሙን ጠብቆ አይቆይም፤ መብራት ሲቋረጥና ማቀዝቀዣው ሲሞቅ ደግሞ ቶሎ ይዳከማል። የተዳከመ ሳህን ያልተላመደውንም ባክቴሪያ ያበቅልና ሐሰተኛ ሥጋት ይፈጥራል። ስለዚህ በእያንዳንዱ የሥራ ቀን ኤ.ቲ.ሲ.ሲ. 25922 የተባለው፣ መድኃኒቱን ያልተላመደ መደበኛ ኢ. ኮላይ በሁለቱም ሳህኖች ላይ መዘራት አለበት። ሴፎታክሲም ባለበት ሳህን ላይ ከበቀለ የዕለቱ ውጤት ውድቅ ይሆናል።

ወቅት

በደጋው የወንዞች መጠን በበጋና በክረምት እጅግ ይለያያል። ከዚህ የተነሳ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ናሙና የሚለካው ወቅቱን ይሁን መላመዱን መለየት አይቻልም። ቢያንስ ሦስት ጊዜያት ያስፈልጋሉ፦ ወንዙ ቀንሶ የከተማው ፍሳሽ ድርሻ የሚጎላበት የበጋው መጨረሻ፣ የመጀመሪያው ጎርፍ የተከማቸውን ቆሻሻ የሚያጥብበት የክረምት መግቢያ፣ እና ውሃው የሚረጋበት የመስከረም ማብቂያ። በየጊዜው የወንዙ ፍሰት ቢገመት ደግሞ ቆጠራውን በፍሰቱ በማባዛት ከተማው በሰከንድ ወደ ታች የሚልከውን ጠቅላላ ጭነት ማስላት ይቻላል። ለዚህም የወንዙን ስፋትና ጥልቀት መለካትና ተንሳፋፊ ነገር የተወሰነ ርቀት የሚሄድበትን ጊዜ መያዝ በቂ ነው። የላይኛው ውሃ ስለሚሄድበት ፍጥነት የሚገኘው ልክ ከአማካዩ ስለሚበልጥ በ0.85 ተባዝቶ ይታረማል።

ውጤቱ የሚለውና የማይለው

በወንዝ የተገኘ ምጣኔ ለአንድ ሕመምተኛ የትኛው መድኃኒት እንደሚታዘዝ አይወስንም። የባክቴሪያው ምንጭ ሰው ይሁን ከብትም በቆጠራ ብቻ አይለይም፤ ለዚህ ተጨማሪ የዘረ-መል ምርመራ ይጠይቃል። ከአንድ የናሙና ነጥብ በላይ ያለ አንድን ተቋም ለይቶ ጥፋተኛ ለማድረግም አያበቃም።

ሊል የሚችለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከከተማ በታች ያለው ምጣኔ ከደን ጅረቱ ምጣኔ ከዓመት ዓመት እየራቀ ከሄደ፣ በአካባቢው ያለው የመድኃኒት አጠቃቀም ጫና እየበረታ መሆኑን ይጠቁማል፤ ይህም በክሊኒክ ናሙና የሚያረጋግጥ ጥናት እንዲታሰብ በቂ ምክንያት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ቆጠራው ከፍ የሚለው ከቄራው በኋላ ይሁን ከመኖሪያ ሰፈሩ በኋላ ማወቅ ውስን የሆነው የጽዳት በጀት የት እንደሚውል ለመወሰን ይረዳል። ሦስተኛ፣ በመጠጥ ምንጭ የተላመደ ኢ. ኮላይ መገኘቱ ከሁሉ አስቀድሞ ምንጩ በዓይነ ምድር መበከሉን ይነግራል።

ይህ ሦስተኛው ነጥብ ለነዋሪው በሚነገርበት ጊዜ ጥንቃቄ ይሻል። «መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ» የሚለው አነጋገር ሰው ለውሃውም ምንም መፍትሔ እንደሌለው እንዲያስብ ሊያደርግ ይችላል። እውነታው ግን ሌላ ነው፤ የተላመደው ባክቴሪያ ሴፎታክሲምን እንጂ ሙቀትንና ክሎሪንን አልተላመደም። በደጋው በ91 ዲግሪ የሚፈላ ውሃም ይገድለዋል። ምንጭን ማጎልበት፣ ከብት እንዳይገባበት ማጠርና ውሃን ማከም ለተላመደውም ላልተላመደውም ባክቴሪያ እኩል ይሠራሉ። የበሽታ መቀነስ ደግሞ የመድኃኒት ፍጆታን ስለሚቀንስ የጽዳት ሥራ ራሱ መላመድን የመከላከያ አንድ መንገድ ነው።

ማጠቃለያ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 ያወጣችው የመድኃኒት መላመድ መከላከያ ስትራቴጂያዊ ዕቅድ በ«አንድ ጤና» መርሕ ላይ የቆመ በመሆኑ ሰውን፣ እንስሳትንና አካባቢን አንድ ላይ ይመለከታል። ከሦስቱ መካከል የአካባቢው ዘርፍ ክትትል ከሁሉም ያነሰ ነው። ለመካነ ሰላም የሚስማማው ጅምር አራት ነጥቦችን፣ በዓመት ሦስት ወቅቶችን፣ ሁለት ዓይነት ሳህኖችንና በየዕለቱ የሚፈተሽ አንድ መደበኛ ባክቴሪያን ያቀፈ ነው። ለድኅረ ምረቃ ጥናት አንድ ዓመት ይበቃዋል፤ አዝማሚያን ለማየት ግን አይበቃም። ስለዚህ የመጀመሪያው ተማሪ የነጥቦቹን ትክክለኛ ቦታ፣ የተጣራውን የውሃ መጠን፣ የአውቶክሌቩን ግፊትና የዕለቱን የወንዝ ፍሰት ለተከታዩ በሚያገለግል መዝገብ ትቶ መሄድ ይጠበቅበታል። በጤና ጣቢያ ያለ ሐኪም በምልክት ብቻ የሚያዝዘው መድኃኒት እየከዳው መምጣቱን አስቀድሞ ሊጠቁም የሚችለው እንዲህ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ለዓመታት የቀጠለ መዝገብ ነው።